ወይዘሮ ማህሌት ሁለት ጊዜ የተጠሩበት ዓመት

የዕድር ጠሪው ሶፎንያስ ይርጋለም በሕይወት ያሉትን ወይዘሮ ማህሌት አውላቸውን «አርፈዋል» ብሎ የለፈፈው በ2071 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ውስጥ፣ ውርጭ በጣለበት አንድ የማክሰኞ ማለዳ ነው። ያረፉት ወይዘሮ ሊዲያ ተካልኝ ነበሩ። ሁለቱም ሴቶች በደብረ ብርሃን ምሥራቃዊ ጫፍ በሚገኘው ሕንጻ አምስት ይኖሩ ነበር፤ ወይዘሮ ሊዲያ አራተኛ ፎቅ፣ ወይዘሮ ማህሌት ዘጠነኛ። ሶፎንያስ ሁለቱንም በመልክ፣ በድምፅና በአረማመድ ለይቶ ያውቃቸዋል። የጠፋበት ስማቸው ብቻ ነበር።

የሰባት ሕንጻ ዕድር አራት መቶ አሥራ ሁለት አባላት አሉት። የሞት ማስታወቂያ ለእያንዳንዳቸው በስልካቸው ይደርሳቸዋል፤ ሆኖም በቀን ከሚደርሷቸው ሁለትና ሦስት መቶ ማስታወቂያዎች አንዱ በመሆኑ የሚያየው የለም። በዚህ ምክንያት የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ ዘጠኝ ማንም ሳይሽረው ቆይቷል። ጥሪው በሰው አፍ ይሆናል ይላል። ጠሪው ከወረቀት አያነብም፤ የሚያነብ ሰው ሟቹን እንደማያውቅ ያስታውቅበታልና ለቤተሰቡ ነውር ነው ተብሎ ነበር። የዕድሩ ዳኛ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ጠሪው ቤት ትመጣለች። የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ ሕንጻውንና የቀብሩን ሰዓት በጆሮው ትነግረዋለች። እሱ ሦስት ጊዜ ደግሞ ያሰማታል፤ ከዚያ ጥሩምባውን አንስቶ ይወጣል።

ሶፎንያስ ይህን ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ዕድሜው ስልሳ ስድስት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ሰፈሩም ይህን ያውቃል። ሚስቱ ሜላት በሕይወት ሳለች ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ክብሪት ትይዝ ነበር። ሐኪሞቹ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም እንደማይረዳ፣ በጎን ማስተኛት ብቻ እንደሚበቃ ደጋግመው ነግረዋታል። እሷም በጎኑ ታስተኛውና ክብሪቱን ትጭራለች። ሜላት ታማ አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ፣ የሚጠብቀው ሰው የለም ተብሎ፣ ከአንገቱ አጥንት ሥር መጣኝ የሚሉት ትንሽ መሣሪያ ተቀበረለት። መጣኙ መድኃኒቱን በየሰዓቱ እየለካ ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲህ ወድቆ አያውቅም።

ሜላት በሞተች ጊዜ የለፈፋት ራሱ ነበር። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ሰዎችም ጽናቱን አደነቁ። እሱ ግን ጽናት እንዳልነበረ ያውቃል። ሐዘኑን ከመስታወት ወዲያ ሆኖ እንደሚያይ ሰው አይቶት፣ ወደ ቤቱ ተመልሶ እንቅልፉን ተኝቶ ነበር።

ዘወትር ጠዋት ጤናውን የሚከታተለው የቤቱ ግድግዳ ሦስት ጥያቄ ይጠይቀዋል። ያን ማክሰኞም ጠየቀው።

«ዛሬ ቀኑ ማን ነው?»

«ማክሰኞ።»

«ይህ ሥዕል የምን ነው?»

ሥዕሉ የቁልፍ ነበር። ሶፎንያስ ቆሞ ተመለከተው። ቃሉ የትም እንዳልሄደ ያውቃል፤ እዚያው ቅርብ ቦታ እንዳለ ይሰማዋል፤ ሊያነሳው ሲል ግን እጁ ባዶ ይመለሳል። «ያ… በር የሚከፈትበት» አለ።

«ሌሊት ወድቀዋል?»

«አልወደቅሁም።»

«በጣም ጥሩ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።» ግድግዳው ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ምንም አይልም። መልሱ ይመዘገባል፤ የሚቆጠረው ግን ሦስተኛው ነው።

ፌቨን ደጁ ላይ ቆማ ነበር። የዕድሩ ዳኛ ናት፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ፈጥና የምትናገር ሴት። የወይዘሮ ሊዲያን ስም በጆሮው ነገረችው። ሦስት ጊዜ ደገመላት። አንድም ፊደል አልሳተም።

ሕንጻ አንድ በር ላይ ጥሩምባውን ነፍቶ አፉን ሲከፍት ስሙ አልነበረም። ፊታቸው መጣለት፤ ሕንጻቸው መጣለት፤ አንድ ክረምት አሳንሰሩ ሲበላሽ ዘንቢላቸውን ተሸክሞላቸው መውጣቱ መጣለት። ስሙ አልመጣም። መስኮቶች ተከፍተው ሰዎች ይጠብቁት ጀመር። ተመልሶ ዳኛዋን መጠየቅ ይችል ነበር፤ ሆኖም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሟች ረስቶ ተመልሶ አያውቅም። ከሕንጻ አምስት የሴት ስም ፈለገ። አንድ ስም ሳይጠራ መጣለት፤ የፈለገው እሱ መሰለው።

«የሰባት ሕንጻ ዕድርተኞች! ወይዘሮ ማህሌት አውላቸው ስላረፉ፣ አስከሬኑ ከሕንጻ አምስት ሦስት ሰዓት ላይ ይነሳልና እንድትገኙ!»

ሰባቱንም ሕንጻዎች እንዲሁ ብሎ ዞረ።

ሦስት ሰዓት ላይ ስልሳ ሦስት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዘጠነኛ ፎቅ ወጡ። ወይዘሮ ማህሌት ራሳቸው በሩን ከፈቱ። የመጀመሪያዋ ለቀስተኛ ጮኸች። ነገሩ እስኪጣራ የወይዘሮ ሊዲያ አስከሬን አሥራ አንድ ሰው ብቻ አጅቦት ወደ መካነ መቃብር ሄዷል።

ሶፎንያስ ስህተቱን የሰማው መንገድ ላይ ነው። ወደ ዘጠነኛ ፎቅ ሲወጣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ማህሌት ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ጉልበት ሳላቸው የደሴ መስመር የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። በሰው መካከል ተቀምጠው ሻይ ያስቀዳሉ።

«ና ግባ፣ ገዳዬ!» አሉት። «መቀመጫ ካገኘህ ተቀመጥ።»

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ…»

«ምን ይቅር የሚባል ነገር አለ? ከስድስት ዓመት ወዲህ ይህን በር ያንኳኳ ሰው አልነበረም። አስቤዛው በመስኮት ይገባል፣ ሐኪሙ በግድግዳ ይመጣል፣ ልጄ መርከበኛ ሆኖ ባሕር ላይ ነው። ይኸው ዛሬ ሞቼ ሰው አየሁ።» አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት መሳቅም ማልቀስም አቅቷት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሰዎቹ አንድ በአንድ እያፈሩ ሄዱ። ሶፎንያስ ስኒዎቹን ሲሰበስብላቸው ወይዘሮ ማህሌት ያዩት ነበር።

«ስሜን ሳይሆን የሊዲያን ስም ነበር የፈለግኸው?»

«አዎ።»

«መድኃኒቱ ነው?»

«እሱ ነው ይሉኛል። ከመውደቅ አድኖኛል።»

«ስማኝ አንተ ጠሪ። ሞት አልፈራም፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የበጠሰ አውቶቡስ ይዤ ወርጃለሁ። የምፈራው አንድ ነገር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በስሜ የጠራኝ ማሽን ብቻ ነው። የመጨረሻውንም እሱ እንዳይጠራኝ። አንተ ጥራኝ፤ ከነአባቴ፣ ሳትሳሳት። ቃል ግባልኝ።»

ሶፎንያስ ቃል ገባ። ሲወጣ በሩን ዘግቶ ቆመና በሩ ላይ የተለጠፈውን ስማቸውን አነበበ። ቃሉን ሲሰጥ ስማቸው ጠፍቶት ነበር።

እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። አቶ ባሮክ ከሕንጻ አራት ቀድሞ ተነሣ።

«እኔ ነገ ስሜ ሲጠራ ብሰማ ምን ላድርግ? ልነሣ ወይስ ልተኛ?»

ሰው ሳቀ።

«ባሮክ፣ አንተ በቁምህም አርፍደህ ነው የምትነሣው፤ ተቀመጥ» አለችው ፌቨን። ከዚያ ግን ወደ ሶፎንያስ ዞረች፤ ሳቅ ፊቷ ላይ አልነበረም። «ጋሽ ሶፎንያስ፣ ሊዲያን የቀበራት አሥራ አንድ ሰው ነው። ልጇ ምን እንዳለችኝ ልንገርዎ? ‹እናቴ ለዚህ ሠላሳ ዓመት መዋጮ ከፈለች?› ነው ያለችኝ። ምን ልመልስላት?»

ሶፎንያስ ተነሥቶ ቆመ። ሊናገር ያሰበው ነበር፤ በመካከሉ አንድ ቃል ጠፋበት፤ ቃሉን ሲፈልግ የቀረውም ጠፋበት። ተቀመጠ። ጉባኤው እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጠው። አንድ ስህተት ከተደገመ አንቀጽ ዘጠኝ ይሻራል፤ ጥሪውም በማሽን ይሆናል።

በማግሥቱ የመጣኙ ልኬት ወደሚታይበት መመዘኛ ጣቢያ ሄደ። ሲስተር ሐመልማል ከሦስት ዓመት በላይ የምታውቀው ወጣት ነርስ ናት።

«አባባ፣ አራት ዓመት ሊሞላዎት ነው፤ አንድም መውደቅ የለም» አለችው። «ከጣቢያችን ሁለተኛ ነዎት።»

«አንደኛው ማን ነው?»

እጇን ከሰሌዳው ላይ አነሣች። «አንድ ሽማግሌ ናቸው። አሁን መናገር ትተዋል።»

«ልኬቱን ዝቅ አድርጊልኝ» አላት።

«ሐኪሙ ከፈቀደ ይቻላል። ሲሶውን መቀነስ ይፈቅዱ ይሆናል። ግን ሰው ፊት አንድ ጊዜ ከወደቁ ብቻዎን የመኖር ፈቃድዎ ይነሣል። ወደ መንከባከቢያው ነው የሚወስዱዎት። እዚያ ልኬቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።»

«እነሱ ምን ያህል ያደርጉታል?»

«ከዚህ በላይ።» ከዚያ ድምፅዋን ቀነሰች። «እኔ ብሆን አልነካውም ነበር፣ አባባ። መውደቅ ሊገድልዎትም ይችላል። ስም ሲጠፋብዎ ሰው ይጠይቃሉ፤ ምን አለበት?»

«እኔ ነኛ የምጠየቀው፣ ልጄ። ማን ሞተ ሲሉ እኔን ነው የሚጠይቁት።»

ሐኪሙ ከግድግዳው ላይ አነጋገረው፤ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀው፤ ከዚያ ፈቀደ። ሶፎንያስ መስማማቱን ለማጽናት አውራ ጣቱን ሰሌዳው ላይ አሳረፈ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሻይ ሊያፈላ ሲል፣ «ማንቆርቆሪያ» አለ። ማንም አልጠየቀውም። ያን ዕለት ማምሻውን መስኮቱ ላይ ቆሞ በሕንጻ ሦስት መብራት የበራባቸውን ቤቶች ባለቤቶች ከነአባታቸው ጠራ። አርባ አንድ ደረሰ።

ስሞቹ ብቻቸውን አልመጡም። ግድግዳው «ይህ ሥዕል የምን ነው?» ሲለው፣ «የአባትህ ቁልፍ ነው!» ብሎ ጮኸበት፤ ሲጮህ የኖረ ሰው አልነበረም። ጎረቤቱን በሬን አንኳኳህ ብሎ ሰደበው፤ ያንኳኳው ነፋስ ነበር። በኅዳር መጨረሻም አሳንሰር ውስጥ ብቻውን እየወጣ ሳለ የሜላት ሳል ትዝ አለው፤ ጠዋት ጠዋት ሁለት ጊዜ ብቻ የምትስለው። አሳንሰሩ ወለል ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። አሳንሰሩ እርዳታ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። አራት ዓመት የዘገየ ልቅሶ ስለነበር በአንድ ቀን አላለቀም።

ረቡዕ ረቡዕ ወደ ዘጠነኛ ፎቅ ይወጣል።

«ስሜ ማን ነው?» ይሉታል ወይዘሮ ማህሌት ገና በሩን ሳይከፍቱ።

«ማህሌት አውላቸው።»

«አያቴስ?»

«ጥሩነህ።»

«ገብተህ ብላ። አንድ ቀን ብትሳሳት ከነጥሩምባህ ነው የምመልስህ።»

ስለ ዳገትና ቁልቁለት፣ ስለ ተሳፋሪዎቻቸው ይነግሩታል። እሱ ስለ ሜላት ይነግራቸዋል። በዚያ በጋ ሶፎንያስ አራት ሟቾች ጠራ፤ አንዱንም አልተሳሳተም። ሆኖም የሚያምነው ሰው ጥቂት ነበር። ጥሩምባውን የሰሙ ሰዎች መጀመሪያ ወደ ሟቹ ቤት ደውለው ያጣሩ ጀመር።

መጋቢት አሥራ ሰባት ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፌቨን ደጁ ላይ ቆማ ነበር። እንደ ወትሮዋ አልፈጠነችም። ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ማህሌት አውላቸው። ሕንጻ አምስት። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት።»

ሦስት ጊዜ ደገመላት። በሦስተኛው ድምፁ ተሰበረ።

«ጋሼ፣ ካልቻሉ ዛሬ እኔ…»

«ቃል ገብቻለሁ» አላት። የሜላትን ካፖርት ከላይ ደርቦ፣ ጥሩምባውን ይዞ ወጣ።

ሕንጻ አንድ በር ላይ ነፍቶ ሲያበቃ አፉ ውስጥ የናስ ጣዕም ቀረ። ሊወድቅ ሲል አስቀድሞ የሚመጣበት ምልክት የናስ ጣዕምና የግራ እጅ መደንዘዝ ነው። የናስ ጣዕሙ ግን ከጥሩምባውም ይመጣል፤ ውርጭ በጣለ ማለዳ ደግሞ የማን እጅ አይደነዝዝም። ቁጭ ብሎ ደረቱን ቢጫን መጣኙ ልኬቱን ከፍ ያደርግለታል። ስሙም አብሮ እንደሚሄድ ያውቃል። አልተጫነም።

«የሰባት ሕንጻ ዕድርተኞች! ወይዘሮ ማህሌት አውላቸው ስላረፉ…»

ከላይ አንድ መስኮት ተከፈተ። «ኧረ እሳቸውን በጥቅምት ቀብረናቸዋል!»

ሳቅ ተሰማ። መስኮቱ ተዘጋ።

ሕንጻ ሁለትም እንዲሁ ሆነ። ሕንጻ ሦስት ላይ የወጣ ሰው አልነበረም። ሕንጻ አራት ላይ አቶ ባሮክ በፒጃማው ብቅ አለ።

«ጋሽ ሶፎንያስ፣ ደግሞ ጀመረዎት? ደውዬላቸዋለሁ፤ ስልክ አያነሡም፤ ተኝተው ይሆናል። እባክዎ ሰው አይረብሹ።»

«አያነሡም፣ ባሮክ» አለው ሶፎንያስ። አልጮኸበትም።

ሕንጻ አምስት ሥር ሲደርስ ግራ እጁ እስከ ክርኑ ጠፍቶበት ነበር። ጥሩምባውን በቀኙ አነሣ። ነፋ። ከዚያም በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አድርጎት በማያውቀው ሁኔታ፣ ከደንቡ ወጥቶ ጠራ።

«ማህሌት አውላቸው ጥሩነህ! የደሴ መስመር ሾፌር የነበሩት! ዘጠነኛ ፎቅ! አርፈዋል! በዘጠኝ ሰዓት…»

ጥሩምባው ድንጋዩ ላይ ወድቆ ሲንከባለል የሰማው ሁሉ ወጣ። ከጥቅምት ወዲህ ያን ያህል ሰው ደጅ ላይ ተሰብስቦ አያውቅም። አንዲት አሮጊት «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» ብለው ጮኹ፤ ወጣቶቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እርስ በርስ ተያዩ። ፌቨን እየሮጠች ደርሳ በጎኑ አስተኛችው። ካፖርቱን ስታላላ ከኪሱ አንድ ያረጀ የክብሪት ቤት ወደቀ፤ ሦስት እንጨት ነበረበት። እንደማይረዳ ታውቃለች። አንዱን ጫረችው።

ሲነቃ ፊቱ ላይ የአምቡላንሱ ብርሃን ነበር። የአምቡላንሱ ድምፅ ለስላሳ ነው።

«ስምዎ ማን ነው?»

«ማህሌት አውላቸው» አለ ሶፎንያስ።

«የራስዎን ስም ነው የጠየቅሁት።»

«አርፈዋል። ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

አቶ ባሮክ ቀና ብሎ ዘጠነኛ ፎቅን አየ፤ ከዚያ ቆቡን አወለቀ።

ሶፎንያስን በዚያው ወሰዱት።

መንከባከቢያው ከከተማው አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ንጹሕና ጸጥ ያለ ነው። እዚያ የሚወድቅ ሰው የለም። ፌቨን ሊጠይቁ ለሚመጡ በተፈቀደው የመጀመሪያ ቀን፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ሄደች። ሶፎንያስን ጸጉሩ ተስተካክሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በትሕትና ሰላም አላት፤ ስሟን ግን አልጠራም።

«ሁለት መቶ ሰባት ሰው ነበር፣ ጋሼ» አለችው። «ደረጃው ሁሉ ሞልቶ ነበር። ባሮክ እንኳ ሬሳ ተሸክሟል። ይህን ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

በጥሞና ሰማት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላት። ጥቂት ቆይቶም፣ «ማን ነበሩ ያረፉት?» ብሎ ጠየቃት።

ፌቨን ወደ መስኮቱ ዞረች። ስትመለስ እንደ ማለዳው ልማዷ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ማህሌት አውላቸው።»

«ማህሌት አውላቸው» አለ። «ማህሌት አውላቸው። ማህሌት አውላቸው።» ተነሣ። ካፖርቱን ፈልጎ ሲያጣ ያለ ካፖርት ወደ በሩ ሄደ። «ሕንጻ ስንት?»

«አምስት።»

«ቀብሩስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት» አለችው ፌቨን።

ረጅሙ ኮሪደር ግራና ቀኝ ሠላሳ አራት በሮች አሉት፤ ሁሉም ተዘግተዋል። ሶፎንያስ መካከሉ ላይ ቆመ። እጆቹን ጥሩምባ እንደያዘ ሰው አደረገ፤ ደረቱን ነፋ፤ አፉን ከፈተ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆየ። ከዚያ አፉን ዘግቶ፣ በዝግታ እየተራመደ ተመልሶ መጣና፣ ፌቨን ፊት ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጣት።